የገዛነው አሣ የትኛው ነው? ስለ አሣ መለያ ጽሑፍ ሕግ ጥያቄና መልስ

ስለ አሣ አሻሻጥ ሕግ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው እየጎረፈ ነው፤ ደስ ብሎኛል። በዋሽንግተን አካባቢ በአሣ ንግድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በሱፐርማርኬት የአሣ ክፍል ቆራጭ ነበርኩ። ኋላ ለሬስቶራንቶች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ፣ የሚገባውን ዕቃ ከሰነዱ ጋር የማመሳከር ሥራ ያዝኩ። ስለዚህ መልሴ በብዛት የአሜሪካን ሕግ የተመለከተ ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከአገር ቤት የመጡትንም አልዘለልኳቸውም። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለልጄ ክርስትና ሬድ ስናፐር ልገዛ አስቤ ዋጋ ሳጠያይቅ፣ አንዱ ሱቅ ከሌላው እጥፍ ይላል። ሁለቱም ሬድ ስናፐር ነው ነው የሚሉት። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። በአሜሪካ ሬድ ስናፐር ተብሎ መሸጥ የሚፈቀድለት አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሉትጃነስ ካምፔቻነስ ይባላል። በአብዛኛው የሚጠመደው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና በደቡብ ምሥራቅ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሌን ስናፐር አለ፣ ቨርሚሊየን ስናፐር አለ፣ የሎውቴይል ስናፐር አለ። ሁሉም ጥሩ አሣዎች ናቸው፤ ግን በየራሳቸው ስም ነው መሸጥ ያለባቸው።

ይህ ስም በጣም የሚነገድበት ስም ነው። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት ከ2010 እስከ 2012 በ21 ክፍለ ግዛቶች 1,215 የአሣ ናሙና ሰብስቦ በዲኤንኤ አስመርምሮ ነበር። ውጤቱን ያወጣው በ2013 ነው። ሬድ ስናፐር ተብለው ከተገዙት 120 ናሙናዎች እውነተኛ ሆነው የተገኙት 7 ብቻ ናቸው። የቀረው ሮክፊሽ፣ ቲላፒያ፣ ሌላም ሌላም ነበር።

ለድግሱ ብለሽ የምትገዢ ከሆነ ሙሉውን አሣ፣ ጭንቅላቱና ቆዳው ሳይነሳ ግዢ። እዚያው ያጽዱልሻል፣ ይቆርጡልሻል። ቆዳው ተገፎ በፊሌቶ የቀረበ ነጭ ሥጋ ግን እኔም በዓይን ብቻ ለይቼ ልምልልሽ አልችልም። ርካሹ ሱቅ የግድ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም እውነተኛው ሬድ ስናፐር ኮታ ያለበት ውድ አሣ ስለሆነ፣ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ለመሆኑ ሕጉ ምንድን ነው የሚለው? ማነው ስሙን የሚወስነው?

መልስ፦ መሠረቱ የ1938ቱ የፌዴራል የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አሳሳች መለያ የተለጠፈበት ምግብ፣ ወይም በሌላ ምግብ ስም የሚሸጥ ምግብ ሕገ ወጥ ነው። ይህን የሚያስፈጽመው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ የባሕር ምግቦች ዝርዝር አለው። የትኛው ዝርያ በምን የገበያ ስም መሸጥ እንደሚችል እዚያ ተጽፏል። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው፤ በስልካችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ፓታጎኒያን ቱዝፊሽ የተባለው አሣ ቺሊያን ሲ ባስ ተብሎ ቢሸጥ አትደንግጡ፤ ዝርዝሩ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው የትውልድ አገር መለያ ሕግ ነው። በአሣ ላይ ሥራ የጀመረው በ2005 ሲሆን የሚቆጣጠረው ግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። ሱፐርማርኬት አሣውን ሲያቀርብ የየት አገር እንደሆነና ከባሕር የተጠመደ ወይም በእርባታ ያደገ መሆኑን መጻፍ አለበት። ዋናው ቀዳዳም ያለው እዚሁ ነው። ሬስቶራንቶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። አሣ ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆችም እንዲሁ። የተጠበሰ፣ በጭስ የደረቀ፣ በዳቦ ዱቄት የተለወሰ ወይም በቆርቆሮ የታሸገ አሣም በዚህ ሕግ አይገደድም። በእኔ እምነት ሕጉ የተዳከመው በዚህ ነው፤ ማሳሳቱ በብዛት የሚገኝበትን ቦታ ትቶ የሚሻለውን ቦታ ያጠብቃል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ከአሣው ሲሶው ውሸት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ የመጣው ከላይ ከጠቀስኩት የኦሺያና ጥናት ነው፤ 33 በመቶ። ግን ናሙናው የተመረጠው በብዛት ከሚጭበረበርባቸው ዓይነቶች ስለነበር ለአሣ ሁሉ አይሠራም። ኤፍዲኤ ራሱ በጅምላ ደረጃ 174 ጭነት መርምሮ በ2014 ባወጣው ውጤት 85 በመቶው ስሙ ትክክል ነበር። ከኦሺያና ጥናት እኔ ይበልጥ ቁም ነገር የማየው ሌላው ክፍል ነው። ስህተቱ በሱፐርማርኬቶች 18 በመቶ፣ በሬስቶራንቶች 38 በመቶ፣ በሱሺ ቤቶች ደግሞ 74 በመቶ ነበር። መለያ እንዲለጠፍ የሚገደደው ቦታ ነው የተሻለው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ አንድ አባት)፦ ልጄ፣ እኛ ቅርፊትና ክንፍ የሌለው አሣ አንበላም። እዚህ አገር ፊሌቶ እየገዛን ሳናውቅ አምባዛ በልተን ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። ስለ አሣ መለያ ሲወራ ስለ ዋጋ ብቻ ይመስላል። ለእምነቱ ሲል አንዳንድ አሣ የማይበላ ሰው ግን የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ከቬትናም የሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ተረብቶ የሚመጣ ስዋይ የሚባል አሣ አለ። ከአምባዛ ወገን ነው፤ ቅርፊት የለውም። ሥጋው ነጭ፣ ለስላሳና ርካሽ ስለሆነ ግሩፐር፣ ሶል ወይም ኮድ ተብሎ ሲሸጥ በተደጋጋሚ ተይዟል። በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የአካባቢው ጋዜጣ በ11 ምግብ ቤቶች ግሩፐር ገዝቶ ሲያስመረምር በ6ቱ የቀረበው ግሩፐር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በዚህ አገር ካትፊሽ (አምባዛ በእንግሊዝኛ) የሚለውን ስም መጠቀም የሚችለው የአሜሪካው ወገን ብቻ ነው። ኮንግረስ በ2002 በእርሻ ሕጉ እንዲህ ብሎ ወሰነ፤ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች አርቢዎች ከቬትናሙ ጋር መወዳደር ስለከበዳቸው ነው። በዚህ የተነሳ ቬትናም የሚረባው ስዋይ፣ ባሳ ወይም ትራ እየተባለ ይመጣል። የእኛው የጣናና የዝዋይ አምባዛም ቢሆን እዚህ ካትፊሽ ተብሎ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ካትፊሽ የሚል ቃል ስላላዩ ብቻ እንዳይዘናጉ። ስዋይ፣ ባሳ፣ ትራ፣ ፓንጋሲየስ የሚሉትንም ስሞች ይያዙ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ቆዳው ላይ ቅርፊት የቀረበትን ይግዙ። አይሁዳውያን የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ ፊሌቶ ሲገዙ ጥቂት ቆዳ ከነቅርፊቱ እንዲቀርለት ይጠይቃሉ። ሳልመንን ግን በሥጋው ቀለም ስለሚለዩት ያለ ቆዳም ይገዙታል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ሱሺ ቤት ዋይት ቱና በልቼ ሆዴን ክፉኛ አመመኝ። አሣው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በዚያ ስም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ኤስኮላር የተባለ አሣ ነው። የሰው ሆድ የማይፈጨው ሰም መሰል ቅባት አለው። ብዙ ከተበላ ቅባቱ እንዳለ ይወጣል፤ ዝርዝሩን ልተወው። ጃፓን ሽያጩን ከልክላለች። አሜሪካ ግን አልከለከለችም፤ በራሱ ስም ይሸጥ ነው የምትለው። በቆርቆሮ ቱና ላይ ነጭ የሚለው ቃል በሕግ የተፈቀደው አልባኮር ለተባለው የቱና ዝርያ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄድ አልባኮር ነው ወይስ ኤስኮላር ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ (ከቤተስዳ)፦ የስም መቀያየር ከዋጋ አልፎ ጉዳት አድርሶ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። በ2007 ከቻይና መንክፊሽ ተብሎ የገባ አሣ በሾርባ ተሠርቶ ተበልቶ ቺካጎ ውስጥ ሁለት ሰዎች ታመሙ። ቴትሮዶቶክሲን የተባለው መርዝ ተገኘበት፤ የፓፈርፊሽ መርዝ ነው። ዕቃው ከገበያ ተሰበሰበ። እርጉዝ ለሆነችም ነገሩ ቀላል አይደለም። ኤፍዲኤ በሜርኩሪ ምክንያት እርጉዞች እንዳይበሉት ከሚመክራቸው አንዱ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ታይልፊሽ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ታይልፊሽ በሬድ ስናፐርና በሃሊበት ስም ሲሸጥ ተገኝቷል። ምክሩን አክብራ ታይልፊሽን የራቀች እናት ስሙ ተቀይሮ ሳህኗ ላይ ሲመጣላት ምን ታድርግ?

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ልጄ የአሣ አለርጂ አለበት። ማሸጊያው ላይ ምን ልፈልግ?

መልስ፦ በ2004 የወጣው የአለርጂ ሕግ አሣን ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ያደርገዋል። የታሸገ ምግብ ውስጥ አሣ ካለ፣ አሣ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ኮድ ወይም ባስ እያለ ዓይነቱን መጥራት አለበት። ሽሪምፕና ክራብም እንደዚያው። የዎርችስተርሻየር ሶስን አንብቢ፤ አንቾቪ ይገባበታል። ሬስቶራንት ስትሄዱ ግን ወረቀት አትጠብቂ፤ አስተናጋጁን ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤቱን አስጠይቂ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ፍሬሽ፣ ኦርጋኒክ፣ ሱሺ ግሬድ። ከእነዚህ የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ፍሬሽ የሚለው ሕጋዊ ትርጉም አለው፤ በረዶ ቤት ገብቶ የደረቀ አሣ ቀልጦ ሲቀርብ ፍሬሽ መባል የለበትም። ቀድሞ በረዶ የነበረ ተብሎ መጻፉ ግን ነውር የለበትም። መርከብ ላይ ወዲያው በረዶ የሆነ አሣ፣ ቀናት ተጉዞ ከመጣ ፍሬሽ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ኦርጋኒክ የሚለውን ተዉት። ግብርና መሥሪያ ቤቱ ለአሣ ያወጣው የኦርጋኒክ ደረጃ የለም። ሱሺ ግሬድም በፌዴራል ሕግ ትርጉም የሌለው የገበያ ቃል ነው። በሕግ ያለው ጥሬ የሚበላ አሣ ጥገኛ ትሎች እንዲሞቱ መቀዝቀዝ እንዳለበት ነው፤ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን። ክትፎ ለለመድን ሰዎች ጥሬ አሣ ብዙም አያስፈራንም፤ ቢሆንም ይህችን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ሳልመን ላይ ቀለም ተጨምሯል የሚል አየሁ። ይቀቡታል እንዴ?

መልስ፦ አይቀቡትም፤ በምግቡ ነው። ባሕር ውስጥ ያለው ሳልመን ሽሪምፕ መሰል ነገር እየበላ ይቀላል። የእርባታው አስታዛንቲን የተባለው ቀለም ከመኖው ጋር ይሰጠዋል፤ ካልተሰጠው ሥጋው ይገረጣል። ሕጉ ይህ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ሱቅ ውስጥ አትላንቲክ ሳልመን የሚል ካየህ የእርባታ ነው ብለህ ያዝ፤ የዱሩን አትላንቲክ ሳልመን ለንግድ ማጥመድ በአሜሪካ ክልክል ነው። የዱር ከፈለግህ ሶካይ ወይም ኪንግ የሚል የአላስካ አሣ ፈልግ።

ጥያቄ (ከኮሎምበስ)፦ የበረዶ ሽሪምፕ ሁለት ፓውንድ ገዝቼ ሲቀልጥ ግማሽ ሆነብኝ።

መልስ፦ በላዩ የተለበጠው በረዶ በተጣራው ክብደት ውስጥ መቆጠር የለበትም። ሕጉ ግልጽ ነው። በወንፊት አቅልጠሽ፣ ውኃውን አጥልለሽ መዝኚ። ከጎደለ ፎቶ አንስተሽ ለክፍለ ግዛትሽ የሚዛንና መለኪያ ቢሮ አመልክቺ። እነሱ ቶሎ ይመጣሉ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እዚህ ቪክቶሪያባርሽ የሚባል ፊሌቶ አለ። ጣዕሙ የአርባ ምንጭን አሣ አስታወሰኝ።

መልስ፦ ምላስህ አልዋሸህም። ናይል ፐርች ነው፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣ። የጫሞና የአባያ ነጭ አሣም ይኸው ራሱ ዝርያ ነው። እናንተ ጋ ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከገበያው ስም ጋር ሳይንሳዊው ስም እንዲጻፍ ያዛል። ላቴስ ኒሎቲከስ የሚል ታገኛለህ። የሐይቁና የአገሩ ስምም መኖር አለበት። ለባሕር አሣ ደግሞ የተጠመደበት አካባቢና የመረቡ ዓይነት ጭምር ይጻፋል። አሜሪካ ከአውሮፓ አንድ ነገር ትዋስ ቢሉኝ ይህን ሳይንሳዊ ስም ነው የምመርጠው። በ2015 ኅብረቱ ኮድን በመሰሉ፣ ሥጋቸው ነጭ በሆኑ አሣዎች ላይ ባደረገው የዲኤንኤ ምርመራ 94 በመቶው ስሙ ልክ ነበር።

ጥያቄ (ከአሽዶድ)፦ በእስራኤልስ?

መልስ፦ እናንተ ጋ የሃይማኖቱ መለያ ራሱ የሕግ ጥበቃ አለው። የ1983ቱ የካሽሩት ማታለል ክልከላ ሕግ ካሽር፣ ማለትም በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ እንዲበላ የተፈቀደ፣ ያልሆነን ምግብ ካሽር ብሎ መሸጥን ይከለክላል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ካሽር አይሆንም። ነሲኻት ሃኒሉስ እየተባለ የሚሸጠው ግን ናይል ፐርች ነው፤ ቅርፊት አለው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኛ ጋስ ሕግ አለ ወይስ እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ላይ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ክብደቱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርግ ይላል፤ ሸማችን ማሳሳትንም ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በምግብ ላይ አሳሳች መለያን ይከለክላል። ሁለቱም ቁጥሮች በዓ.ም. ናቸው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ አሣ የሚገዛ ሰው ወረቀት አያስፈልገው ይሆናል፤ ቆሮሶውን (ቲላፒያውን) ከነጭንቅላቱ ያየዋል። አዲስ አበባ በፌስታል ታስሮ የሚመጣው ፊሌቶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው፣ ነጭ አሣ ነው የሚል አንዲት ቁራጭ ወረቀትና ሐይቁን መጻፍ ነጋዴውን ብዙ አያስወጣውም። ከሱፐርማርኬቶች ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከፌርፋክስ)፦ በዚህ የተቀጣ ሰው አለ? ወይስ ሕጉ ወረቀት ላይ ነው?

መልስ፦ አለ፣ ያውም እዚሁ አጠገባችሁ። በኒውፖርት ኒውስ፣ ቨርጂኒያ አንድ የክራብ ማዘጋጃ ባለቤት ከውጭ የመጣ የክራብ ሥጋ የአሜሪካ ምርት በሚል ማሸጊያ እያደረገ ሸጠ። መጠኑ ከ367 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። በ2019 የ45 ወር እስራት ተፈረደበት። የተከሰሰው ሌሲ አክት በተባለው ሕግ ነው፤ በአሣና በዱር እንስሳ ንግድ ላይ የሐሰት መለያን ይከለክላል። እዚያው አካባቢ ክራብ የሚያጠምዱት ሰዎች ከሐሰተኛው ዋጋ ጋር መወዳደር አቅቷቸው ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ የሚጎዳው በላተኛው ብቻ አይደለም።

በቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ ደግሞ አንድ ስመ ጥር ምግብ ቤት ከውጭ የመጣ የበረዶ አሣ የአካባቢው ነው እያለ ለዓመታት ሸጧል። ከ58 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። በ2024 ጥፋቱን አምኖ ከቅጣቱ ሌላ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ተወረሰ።

ሬስቶራንቶችን ነፃ የሚያደርገውን ቀዳዳ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ራሳቸው መድፈን ጀምረዋል። ሉዊዚያና ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ከውጭ የመጣ ሽሪምፕ ወይም ክሮፊሽ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ሜኑው ላይ እንዲጽፍ ታስገድዳለች። አላባማም በ2024 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሬስቶራንት ያለው)፦ አሣ ለብለብና ጉላሽ እሸጣለሁ። አከፋፋዩ ቢዋሸኝ እኔ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትጠየቃለህ። የ1938ቱ ሕግ ሳላውቅ ነው የሚለውን ሙሉ በሙሉ አይቀበልም፤ አስበህበት ባይሆንም ጥፋት ሊሆን ይችላል። ግን መከላከያም አስቀምጧል። ከአከፋፋዩ ዕቃው ስሙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ የተፈረመ የዋስትና ጽሑፍ ካለህና በቅን ልቦና ከተቀበልክ ከቅጣቱ ያድንሃል። ዛሬውኑ ጠይቀህ ፋይል አድርግ።

ከዚያ ካርቶኑ ሲመጣ ፎቶ አንሳ። ደረሰኙ ላይ ነጭ አሣ ወይም ፊሌቶ ብቻ የሚል ካየህ አትፈርም፤ የዝርያው ስም፣ አገሩ፣ የተጠመደ ወይም የተረባ መሆኑ ይጻፍልህ። ቱና፣ ሬድ ስናፐር፣ ግሩፐር፣ ሽሪምፕን ጨምሮ ለ13 ዓይነቶች አስመጪዎች ከ2018 ጀምሮ ይህን መረጃ ለመንግሥት ማቅረብ ግዴታቸው ነው። አከፋፋዩ የለኝም ካለህ ከአስመጪው እንዲያመጣልህ ንገረው።

ስዋይ ከሆነ የምትሸጠው ሜኑህ ላይ ስዋይ ብለህ ጻፍ። ከአሌክሳንድሪያ የጠየቁኝ አባት ዓይነት ደንበኞች ነገ አንተ ቤት ሊገቡ ይችላሉ። ለእሳቸው ቆሮሶ ከፈለግህ ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ የሚያመጡ አከፋፋዮች አሉ። ስልክ ደውለህ ቲላፒያ፣ ያልተጸዳ፣ ከነጭንቅላቱ በላቸው።